ለመስክ ሥራ የሚሆን ትንሽ ቢላዋ፤ ርካሹን ከከንቱው ስለመለየት

በገበያችን ፈላጊ ከማያጡት ዕቃዎች አንዱ፣ ስለቱ የማይታጠፍ፣ በአፎት ሆኖ በወገብ የሚታጠቁት ትንሽ ቢላዋ ነው። ገበሬው ገመድና ጠፍር ሊቆርጥበት፣ እረኛው በትር ሊጠርብበት፣ መሬት ቀያሹ ችካል ሊያሾልበት፣ የሩቅ መንገድ ሾፌር በጉዞው ላይ ሊገለገልበት፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው መንገደኛም ምግቡንና ማገዶውን ሊያዘጋጅበት ይፈልገዋል። ከእነዚህ ሸማቾች አብዛኞቹ ለቢላዋ ብዙ ገንዘብ ለማውጣት የማይፈልጉ ስለሆነ፣ ነጋዴው በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠውን ማስመጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ርካሽ ቢላዋ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ዋጋው ከጌጡ ላይ የተቀነሰለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከብረቱ ላይ የተቀነሰበት ነው። የፊተኛው ለነጋዴው ደንበኛ ያፈራለታል፤ የኋለኛው ግን የሸማቹን እጅ ያቆስላል፣ የነጋዴውንም ስም ያጎድፋል።

ለፊተኛው ዓይነት መልካም ምሳሌ የሚሆነን በስዊድን አገር፣ በዳላርና አውራጃ፣ ሞራ በተባለችው ከተማ አካባቢ የሚሠራው ቢላዋ ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1912 የተቋቋሙ ሁለት ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ተዋሕደው አንድ ሆነዋል። ቢላዋቸው ዋጋው መጠነኛ ሲሆን በአናጢዎች፣ በአዳኞችና በተጓዦች ዘንድ የተመሰገነ ነው። ምክንያቱም እጀታው ተራ ፕላስቲክ ወይም እንጨት፣ አፎቱም ጌጥ የሌለው ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ፣ ብረቱ ተመርጦና በእሳት በሚገባ ተዘጋጅቶ የተሠራ በመሆኑ ነው።

ይህን ስንል ነጋዴ ሁሉ ከስዊድን ብቻ ያስመጣ ማለታችን አይደለም። በቻይና የቢላዋ ሥራ ማዕከል ከሆነችው ከያንግጂያንግ ከተማ መልካሙም ከንቱውም ይወጣል፤ ፋብሪካው የሚሠራው እንደ ትእዛዙ ነውና። የአገራችን አንጥረኞች ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሚያወጡት ቢላዋም፣ አጠነካከሩ የሠመረ እንደሆነ፣ የሚናቅ አይደለም፤ ባሌስትራ ራሱ አረብ ብረት ነውና። ስለዚህ ከአገሩ ስም ይልቅ ዕቃውን ራሱን መመርመር ይበልጣል።

ስለ ብረቱ

የቢላዋ ብረት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ካርቦን ያለበትና የሚዝገው ተራ አረብ ብረት ሲሆን፣ ሁለተኛው ክሮም በብዛት የተጨመረበትና በቀላሉ የማይዝገው ነው። ካርቦኑ ስለቱን ያጠነክረዋል፤ ክሮሙ ዝገትን ይከላከላል። ለምሳሌ ለሞራ ቢላዋ ከሚውሉት የማይዝጉ ብረቶች አንዱ፣ 12ሲ27 የተባለው፣ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦንና ከመቶ 13.5 ያህል ክሮም አለበት። የሚዝገው ዓይነት በድንጋይ በቶሎ ስለሚሳል በሠራተኛ ዘንድ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሎሚና ሽንኩርት ሲቆረጥበት ይጠቁራል፣ እርጥብ ሆኖ ካደረም ይዝጋል። ስለዚህ ቢላዋውን ጠርጎ ዘይት ለሚቀባ ሸማች የሚዝገው ሊሸጥለት ሲቻል፣ ለወበቃማ ቆላ፣ ለጨው አገርና ለባሕር ዳርቻ ግን የማይዝገው ይመረጣል።

ይሁን እንጂ በስለቱ ላይ «የማይዝግ» የሚል ቃል መታተሙ ብቻ የቢላዋውን መልካምነት አያረጋግጥም። የሾርባ ማንኪያም የማይዝግ ነው፤ ስለት ግን አይይዝም። ብረት ስለት የሚይዘው በእሳት ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ ከዚያም ተሰባሪነቱ እንዲለቀው እንደገና በመጠኑ ሲሞቅ ነው። የዚህ ሥራ ውጤት ሮክዌል በተባለው የጥንካሬ መለኪያ ይታወቃል፤ ለእንዲህ ያለው ቢላዋ ከ56 እስከ 60 ያለው ቁጥር ተስማሚ ነው። ከዚህ በጣም ቢያንስ ስለቱ ይተጣጠፋል፤ በጣም ቢበልጥ ደግሞ ይሸረፋል፣ ለመሳልም ያስቸግራል።

ስለ መጠኑና ስለ አሠራሩ

ለልዩ ልዩ የመስክ ሥራ የስለቱ ርዝመት ከ8 እስከ 11 ሳንቲሜትር፣ የጀርባው ውፍረትም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ብዙ ሸማች ወፍራሙን ጠንካራ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ወፍራም ቢላዋ እንጨት ቢፈልጥበትም ሽንኩርትና ሥጋ በደንብ አይቆርጥም። የሰሜን አውሮፓ ቢላዋዎች ስለታቸው በሁለቱም ጎን በአንድ ሰፊ ተዳፋት የወረደ ነው። ሸማቹ ይህን ተዳፋት እንዳለ በድንጋይ ላይ አስተኝቶ ስለሚስለው፣ የእጅ ልምድ የሌለው ሰው እንኳ ስለቱን ሊያድሰው ይችላል። ሱቅ ርቆ ለሚኖር ባላገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

እጀታው በሚመረመርበት ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው፣ ብረቱ ወደ እጀታው ውስጥ ምን ያህል ገብቷል የሚለው ነው። እንጨት ለሚፈልጥ ሰው ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚደርሰው ይሻላል። ለመቁረጥና ለመጥረብ ግን ብረቱ የእጀታውን ርዝመት እኩሌታ አልፎ፣ ፕላስቲኩ በዙሪያው ቀልጦ የተጣበቀበት ከሆነ በቂ ነው። ሊሸሹት የሚገባው እጀታው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በክዳኑ ላይ ኮምፓስ የተገጠመበት፣ ጀርባው እንደ መጋዝ የተጠረሰው ርካሽ ቢላዋ ነው። በመስታወት ውስጥ ሲታይ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ብረቱ እጀታው አፍ ላይ አጭር ሆኖ ስለሚቀር፣ በሥራ ላይ እዚያው ቦታ ይሰበራል። እንዲሁም እጀታው ከስለቱ አጠገብ ጣትን የሚያግድ ጉብታ ቢኖረው፣ እጅ ሲረጥብ ወይም ስብ ሲነካው ወደ ስለቱ አይንሸራተትም።

አፎቱም ቸል አይባልም። ቢላዋው ተዘቅዝቆ ሲነቀነቅ መውደቅ የለበትም። ከሥሩም ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ያለው ይመረጣል። የቆዳ አፎት ያማረ ቢሆንም እርጥበት ስለሚይዝ፣ የሚዝግ ብረት በውስጡ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የለበትም።

ናሙናውን ስለመፈተን

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደተባለው፣ ናሙና ሳይፈትኑ ብዙ ማዘዝ ኪሳራ ያመጣል። ፈተናው ብዙ ወጪ የለበትም፤

1ኛ/ በናሙናው የቃጫ ገመድ 50 ጊዜ ቁረጡበት፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ሳይቀድ የሚቆርጥ ከሆነ ስለቱ መልካም ነው።

2ኛ/ ደረቅ የወይራ እንጨት ጥረቡበትና ስለቱን በብርሃን ፊት ተመልከቱ። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከታየ ስለቱ ተጣጥፏል ወይም ተሸርፏል ማለት ነው።

3ኛ/ ከጀርባው ሳይሆን ከስለቱ አጠገብ በሞረድ በቀስታ ንኩት። ሞረዱ እንደ ተራ ሚስማር በቀላሉ የሚበላው ከሆነ ብረቱ አልጠነከረም።

4ኛ/ አንድ ሌሊት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ «የማይዝግ» የተባለው ዝጎ ቢገኝ አትዘዙት።

ስለ ትእዛዙ ደብዳቤ

በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «ጥሩ ቢላዋ» ብሎ መጻፍ ለክርክር በር ይከፍታል። የብረቱ ዓይነት፣ የሮክዌሉ ቁጥር፣ የስለቱ ርዝመትና ውፍረት፣ በእጀታው ውስጥ ያለው ብረት ርዝመት ተለይቶ ይጻፍ፤ ዕቃውም ከተፈተነው ናሙና ጋር አንድ እንዲሆን በውሉ ይግባ። ዕቃው ባሕር አቋርጦ በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣ፣ የሚዝገው ዓይነት ስለቱ ዘይት ተቀብቶ፣ ሰም በተነከረ ወረቀት እንዲጠቀለል ማዘዝ ይገባል።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ፣ ከገበታ ቢላዋ በቀር የማይታጠፍ ስለት ያለው ቢላዋ በ8211.92፣ የሚታጠፈው በ8211.93 ይመደባል። በሁለት ወገን የተሳለ ጩቤ ግን በጦር መሣሪያ ምዕራፍ፣ በ9307 ሊመደብ ስለሚችል፣ ለሥራ የሚሆነውን ቢላዋ ከጩቤ ጋር አንድ ላይ ማዘዝ አይበጅም። በስም ከመታለልም መጠንቀቅ ያሻል። በጀርመን አገር ሶሊንገን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ስሙ ታትሞበት ሌላ አገር የተሠራ ዕቃ የሚያቀርብ ሻጭ ቢያጋጥም በቀሪው ቃሉም መታመን የለበትም።

ስለ ትርፉ

አንድ ባለሱቅ 100 ቢላዋ እያንዳንዱን በ400 ብር ገዝቶ በ500 ብር ቢሸጥ፣ ትርፉ 10,000 ብር ነው እንበል። ከእነዚህ 20ዎቹ ተሰብረው ቢመለሱና ገንዘቡን ቢመልስ፣ ትርፉ በሙሉ ይጠፋል። ባይመልስም ያ ሸማች ዳግመኛ ወደ ሱቁ አይመጣም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቢላዋ ጥቂት ብር ጨምሮ በብረቱ የሚታመነውን መግዛት፣ ትርፉን ማስጠበቅ እንጂ ማባከን አይደለም። ባለሱቁም ከቢላዋው ጎን ትንሽ የመሳያ ድንጋይ ቢያቀርብና አሳሳሉን ለሸማቹ ቢያሳየው፣ ሁለት ዕቃ ይሸጣል፤ ቢላዋውም ዶልዱሞ «ከንቱ ነው» ተብሎ ከመጣል ይድናል።