የንጉሥ ወንበር ለብዙ ሰው

የተቀመጠበትን ወንበር ማን እንዳሰበው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የዕቃ ንድፍ አውጪና ስለ ወንበሩ ለአንባቢዎች ላስረዳ አስቤአለሁ።

ሰውየው ፊሊፕ ስታርክ ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ዓላማው መልካም ዕቃ የባለጸጎች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ ጥራቱ ሳይጓደል ዋጋው ዝቅ ብሎ ለብዙ ሰው እንዲደርስ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ካርቴል ለተባለው የኢጣልያ ኩባንያ የነደፈው «ሉዊ ጎስት» የተባለው ወንበር ለዚህ ምስክር ነው። ቅርጹ በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የነበረውን፥ የክንድ ማሳረፊያ ያለውን ወንበር ይመስላል። የጥንቱን ግን አንዱ እንጨት ጠርቦ፥ ሌላው ጌጥ ቀርጾ፥ ሌላው ጨርቅ አልብሶ ብዙ ቀን ይደክሙበት ነበር። ይህኛው ፖሊካርቦኔት ከሚባል፥ እንደ መስተዋት ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባና ሲበርድ አንድ ወጥ ወንበር ሆኖ ይወጣል፤ ምስማርም ማጣበቂያም የለውም። ቅርጽ ማውጫው እጅግ ውድ ነው፤ ነገር ግን ወጪው በብዙ ሺህ ወንበሮች ላይ ስለሚከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ይሆናል። ምሥጢሩ ይህ ነው።

ሆኖም ይህ ወንበር ከቤተ መንግሥቱ ወንበር ይርከስ እንጂ፥ ከተራው የፕላስቲክ ወንበር ይልቅ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለሁሉ ይድረስ የተባለው አሳብ ገና አልተፈጸመም። ቢሆንም የድኻ ቤት ዕቃ ውበት አያስፈልገውም ለሚሉት ስታርክ መልስ ሰጥቷል። የቀረውን መንገድ መጨረስ የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ይመስለኛል።