በር የምታንኳኳው ነርስ

በአዲስ አበባ «የቀበሌ ቤት» የሚባለው መኖሪያ መነሻው በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በዚህ አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሀብት ከሆነ በኋላ፥ ኪራያቸው አነስተኛ የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ብዙ ድኻ ቤተሰብም በጥቂት ብር መጠለያ አገኘ።

ነገር ግን የኪራይ መርከስ ብቻውን ጤናን አያስገኝም። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በጭቃና በእንጨት የተሠሩና የተጠጋጉ ናቸው፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ በአንዲት ክፍል አያት፥ ወላጅና ልጅ በአንድነት ያድራሉ። ነፋስ በማይገባበት ቤት አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ቢያስል፥ ሕመሙ ለሌላው ይተርፋል።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ይህን የመሰለውን ችግር በየቤቱ ለመድረስ ነው። ለሥራው የተመረጡት በነርስነት ተመርቀው የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና የተሰጣቸው ሲሆኑ፥ ለአንዲት ባለሙያ 500 ያህል ቤተሰብ እንዲደርሳት ታቀደ። እርስዋም ቤት ለቤት እየዞረች የደም ግፊት ትለካለች፤ ነፍሰ ጡሯንና ያልተከተበውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ሐኪም በክፍሉ ተቀምጦ ሊያየው የማይችለውን፥ መስኮት የሌለውን ቤት፥ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን አረጋዊ፥ ሳይዋጥ ከትራስ ሥር የቀረውን ክኒን እርስዋ ታያለች።

ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በሽተኛው ግን በጥቂት ሳምንታት ሲሻለው የዳነ ይመስለዋል። መድኃኒቱን ቢያቋርጥ በሽታው ያገረሻል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ከምእመናንም ጠበል ስለ ጀመሩ መድኃኒት የሚተዉ አሉ። ይሁን እንጂ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ስለ ጾምና ስለ ክኒን የሚጨነቅ ሰውም የነፍስ አባቱንና ነርሷን ይጠይቅ እንጂ በራሱ አይወስን።

ነርሷ የሚያፈስ ጣሪያ አታድስም፤ ጠባቡን ቤት አታሰፋም፤ ይህ የባለ ቤቱ የመንግሥት ዕዳ ነው። የእኛ ፈንታ ግን በሩን መክፈት፥ የተጠየቅነውን ሳንደብቅ መናገርና ከጎረቤት ማንም የማይጠይቀው ሕመምተኛ ቢኖር ቤቱን ማሳየት ነው።