መጠይቁ የማይደርስባቸው፦ በላቲኖ ታዳጊዎች የፍቅር ግንኙነት ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት

ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ የሚኖሩ የላቲኖ ታዳጊዎች በፍቅር ግንኙነታቸው ውስጥ ስለሚደርስባቸው ጥቃት ነው። ጥቃት ስል ድብደባን ብቻ ማለቴ አይደለም። ማዋረድ፣ ማስፈራራት፣ ያለፈቃድ የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትና እግር በእግር መከታተልም በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ።

ካርሎስ ኩዌቫስ የመራው ዳቪላ የተሰኘ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆኑ 1,525 የላቲኖ ታዳጊዎችን በስልክ ጠይቆ ነበር። ከመካከላቸው 19.5 በመቶ የሚሆኑት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ሥነ ልቡናዊ ጥቃት 14.8 በመቶ፣ አካላዊ ጥቃት ደግሞ 6.6 በመቶ ነበር። ቁስሉ የማይታየው በእጥፍ መብለጡን ልብ ይሏል።

ይሁንና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ ውጭ የሚቀሩት ናቸው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይጠይቃል። የጥቃቱ መቶኛ የሚሰላው ግን ባለፉት 12 ወራት የፍቅር ጓደኛ ነበረን ካሉት መካከል ብቻ ነው። ወላጆቿ የወንድ ጓደኛ እንዳትይዝ የከለከሏት ልጅ «አልነበረኝም» ብላ ከመለሰች፣ ጥቃቷም ከስሌቱ ይወጣል። ትምህርት ያቋረጠችው ደግሞ መጠይቁ ጭራሽ አይደርሳትም። የቃል ጉዳይም አለ። በስፓኒሽ «ኖቪያስጎ» የሚለው ቃል ቤተሰብ የሚያውቀውን፣ ቁም ነገር ያለውን ግንኙነት ያመለክታል። ለሁለት ሳምንት አብሯት የዋለው ልጅ በዚህ ስም አይጠራም። (እኛም «የፍቅር ጓደኛ» ስንል የምናስበው ሁሉ አንድ አይደለም።)

ተመራማሪዎች ዝምታውን ብዙ ጊዜ በ«ማቺስሞ»፣ ማለትም በወንድ የበላይነት እሴት፣ ያስረዱታል። ይህ ማብራሪያ ብቻውን ሲቀርብ ስንፍና ይመስለኛል፤ ያው ቤተሰባዊ ትስስር ብዙዎችን ይጠብቃልና። በብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ውስጥ በሐኪም ቤትና በመሥሪያ ቤት ለወላጆቿ የምታስተረጉመው ልጅቷ ራሷ ናት። ፖሊስ ቢጠራ የእርሷን ጥቃት ለእናቷ ማን ይተርጉምላት? ከቤተሰቡ አንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ስልክ መደወል በራሱ ቤተሰብን አሳልፎ የመስጠት ያህል ሊሰማት ይችላል።

ሕጉ ለዚህ ከፊል መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ከሕግ አስከባሪዎች ጋር ለሚተባበሩ የተወሰኑ ወንጀሎች ተጎጂዎች ዩ-ቪዛን ፈጥሯል፤ ለዋና አመልካቾች በዓመት የሚሰጠው ግን ከ10,000 አይበልጥም። በካሊፎርኒያ ዕድሜዋ 12 የሞላ ልጅ ያለ ወላጅ የጥበቃ ትእዛዝ ልትጠይቅ ትችላለች።

ይህን መብት የምትሰማው ከማን ነው? ጥቃት የደረሰባቸው ታዳጊዎች ከአማካሪም ከፖሊስም በፊት የሚነግሩት ለጓደኛ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ይልቅ ከአጠገቧ ከምትቀመጠው ልጅ ቢጀምር እመርጣለሁ።