ተመስጦ፦ በዜማ ወይስ በአርምሞ?

ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ ወደ ውስጡ በሚመለከትበት ጊዜ ጆሮው ምን ቢሰማ ይበጀዋል? ዝግ ያለ ዜማ ወይስ ፍጹም ጸጥታ? ተመስጦን ጭንቀትን ለማስታገስና ትኩረትን ለማዳበር የሚሹ ሰዎች በበዙበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ደጋግሞ ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከሁለት አቅጣጫ እንፈልጋለን። አንደኛው ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚዘልቀው አገር ያቆየልን ልማድ ነው፤ ሁለተኛው የልብንና የትንፋሽን ሥርዓት የሚመረምረው ሳይንስ ነው።

ከአደባባይ ወደ ተራራ

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ያስተማረ ሊቅ ነው። በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ ሳያውቅ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ቢፈስም ዜማው እስኪፈጸም ሁለቱም አላስተዋሉም ይባላል። ንጉሡ ስለ ደሙ የፈለገውን እንዲጠይቅ በፈቀደለት ጊዜ ያሬድ የለመነው ከአደባባይ ተሰናብቶ መመነንን ብቻ ነበር። የመነነውም ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። ዛሬም ከተራሮቹ ከፍተኛ ጫፎች አንዱ አባ ያሬድ ተብሎ ይጠራል፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ትውፊቱን እንደ ቤተ ሙከራ ውጤት አንወስደውም። ሆኖም ሁለት ቁም ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው ዜማ ትኩረትን ጠቅልሎ ስለሚይዝ የሕመም ስሜትን ሊያደበዝዝ መቻሉ ነው። ይህ በዘመናዊ ሕክምናም የታወቀ ነው፤ ሙዚቃ ማዳመጥ መድኃኒትን ባይተካም ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ሁለተኛው የዜማው ባለቤት ራሱ በመጨረሻ ጸጥታን መምረጡ ነው።

ዜማ በሰውነታችን ላይ

አየር ወደ ውስጥ ስንስብ የልብ ምታችን በመጠኑ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። የማዘግየቱን ሥራ በዋናነት የሚያከናውነው ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። በመሆኑም ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ የሚያዜም ሰው ሳያውቀው ትንፋሽ የሚያስወጣበትን ጊዜ ያረዝማል፤ ልቡንም ያረጋጋል።

ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት እና የዮጋን ማንትራ እንዲደጋግሙ አድርገው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወረደ፤ የደም ግፊትን የሚያስተካክለው የሰውነት ሥርዓትም ይበልጥ ንቁ ሆነ። በእኛ አገር 41 ጊዜ የሚደገመውን እግዚኦታ አንድ ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ማለትም 10 ሰከንድ፣ ሰጥቶ ቢያደርስ 7 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። የሙስሊሞች ዚክርም በድግግሞሹ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ለአድማጭስ? እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ለ24 ሰዎች ስድስት ዓይነት ሙዚቃ አሰምተው፣ በመካከሉ የ2 ደቂቃ ጸጥታ አስገቡ። ፈጣን ሙዚቃ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ጨመረ። ያልተጠበቀው ውጤት ግን ከጸጥታው የተገኘው ነው። በእነዚያ 2 ደቂቃዎች የልብ ምትና የደም ግፊት ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበሩበት መጠን እንኳ ዝቅ አሉ። ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ዕረፍቱ የጎላው ዜማው ካበቃ በኋላ በመጣው ዝምታ ነው።

የበገና ድምፅና የጾም ወራት

በገና ለተመስጦ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐሥሩ አውታሮቹ ከበግ አንጀት የሚገመዱ ሲሆን፣ በበርኩማውና በአውታሮቹ መካከል እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲርገበገብ ከበርኩማው ጋር በቀስታ ስለሚነካካ ወፍራምና የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። ምቱ ዝግተኛ ነው፤ ሰውን የሚያስደነግጥ ድንገተኛ ድምፅ የለውም።

የበገናው ዋና ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። በዚሁ ወቅት በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይመራል። ሱባኤ የገባ ሰው ደግሞ ከዚህም አልፎ ንግግሩን ይቀንሳል፤ ከመነኮሳትም አርምሞን የሚይዙ አሉ። ልማዳችን ዜማንና ጸጥታን እንደ ተቀናቃኝ አላያቸውም ማለት ነው። ድምፁ ደረጃ በደረጃ እየሳሳ ወደ ዝምታ የሚያደርስ መሰላል አበጅቷል።

ጸጥታ ሲከብድ

መሰላሉ አስፈላጊ የሆነው በድንገት ዝም ማለት ከባድ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን ሲተዉ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች ደግሞ 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን በኤሌክትሪክ መንዘርን መርጠዋል።

ይህ በጤነኞች ላይ የታየ ነው። በሐዘን ለተጎዳ ሰው ነገሩ ይከፋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በነሐሴ ወር መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና በርካታ ሲቪሎች ተገድለዋል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በዝምታ ሲቀመጥ የሚመጣበት ዕረፍት ሳይሆን ያው ትዝታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናትም ተመስጦ በሚያዘወትሩ አንዳንድ ሰዎች ላይ ፍርሃትና ያለፈ አስደንጋጭ ትዝታ መልሶ መምጣቱን መዝግቧል። ስለዚህ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ለሁሉም እኩል አይሠራም።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

ከላይ ካየነው ተነሥተን፣ ለጀማሪ ዜማ መግቢያ፣ ጸጥታ ደግሞ መድረሻ ቢሆን ይበጃል እንላለን። ለጥቂት ደቂቃዎች ዝግተኛና ግጥሙ ሐሳብ የማይበትን ዜማ በዝቅተኛ ድምፅ ማዳመጥ፣ ወይም ራስ ማዜም፣ ከዚያም ድምፁን አቁሞ ለ2 ደቂቃ ያህል ትንፋሽን እያስተዋሉ መቆየት ይቻላል። ዝምታው ሲለመድ ጊዜውን ቀስ በቀስ ማርዘም ነው። ዜማው ሲያበቃ ቶሎ ሌላ ዜማ መክፈት ግን ዋናውን ጥቅም ያስቀራል።

ጸጥታው አስፈሪ ትዝታ የሚያመጣበት ሰው ራሱን ማስገደድ የለበትም። ዓይኑን ይክፈት፤ ወደ ዜማው ይመለስ፤ ከተቻለም ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዚም። ትዝታው እንቅልፍ የሚነሣውና ሥራ የሚያስፈታው ከሆነም ተመስጦ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ሰው ወደ ጸጥታ የሚደርሰው ጸጥታው የማያስፈራው ሲሆን ነው፤ እስከዚያው ድረስ ከዜማው ጋር መቆየቱ ድክመት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።