ስለ አባላዘር በሽታና ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ጤና

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባለ የኖረው ምሳሌ ስለ አባላዘር በሽታ ሲነገር ከሁሉ ይልቅ እውነት ነው። ጨብጥ ብዙ ጊዜ በሴት ላይ ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል፤ ቂጥኝም ቁስሉ በራሱ ደርቆ የዳነ ከመሰለ በኋላ በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ በእርጉዝ ሴት ላይ የተገኘ እንደ ሆነም ፅንሱን እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ በሽተኛዋ በራሷ እስክትመጣ ድረስ የሚጠብቅ ሐኪም ቤት ሁልጊዜ ይዘገያል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ቆሼ፥ የከተማው ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማችበት የኖረና መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት ስፍራ ነው። ብዙ ድኾች ከጥራጊው የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ኖረውበታል። ችግር እንዲህ በጸናበት ሰፈር ለልጇ እንጀራ ስትል ወደ ሴተኛ አዳሪነት የገባች ሴት ብትኖር፥ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ጊዜዋም ገንዘቧም አይበቃትም፤ ከዚህም ሁሉ በላይ የሰው ዓይን ያስፈራታል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን በ2006 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተሞች የተደረገው ጥናት አስረድቷል፤ ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች ከ4ቱ አንዲቱ ያህል የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ተገኝቷል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ሕዝብ መካከል በተደረገው ምርመራ ግን ከ100 አዋቂዎች አንድ እንኳ አልሞላም። ይህን ሰምቶ በሴቶቹ ላይ የሚፈርድ ሰው፥ በሽታውን ወደነርሱ ያመጣውም ከነርሱም ወስዶ ወደ ሚስቱ ቤት የሚያደርሰው ገዢው ወንድ መሆኑን አይርሳ።

የሚበጀው መንገድ የታወቀ ነው። በሕንድ አገር፥ በካልካታ ከተማ፥ ሶናጋቺ በሚባለው ሰፈር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 በተጀመረው ሥራ ከሴተኛ አዳሪዎቹ መካከል የተመረጡ ሴቶች ሠልጥነው ባልንጀሮቻቸውን በየቤታቸው እየዞሩ አስተማሩ፤ የኮንዶም አጠቃቀምም እጅግ ጨመረ። በኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ በአቻ ለአቻ ትምህርት ሲሠራ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም ምስጢር የሚጠበቅባቸውን ክሊኒኮች ለነዚሁ ሴቶች ከፍቷል። ከሐኪም ይልቅ የሥራ ባልንጀራዋ የነገረቻትን ሴቲቱ ታምናለች፤ ያችው ባልንጀራ እጇን ይዛ ስትወስዳትም ትመረመራለች።

ያልቆየ ቂጥኝ በአንድ ጊዜ የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ሆኖም አብሯት የሚተኛው ሰው ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይይዛታል። እንግዲህ መድኃኒቱ ሳይጠፋ ሰው የሚጎዳው በነቀፋ ምክንያት ከሆነ፥ ነቀፋውን ትቶ በርን መክፈት የመላው ከተማ ጤና የሚጠበቅበት ሥራ ነው።