«እሰማለሁ፣ ግን አልናገርም»

በአበሻ ግብዣ ላይ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። ጉንጬ ከተሳመ፣ ስንተኛ ዓመት እንደደረስኩ ከተጠየቅሁ በኋላ «አማርኛ ትሰሚያለሽ?» ይከተላል። እዚህ አሜሪካ ያደግን ልጆች የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነው፦ «እሰማለሁ፣ ግን ብዙ አልናገርም።» ጠያቂዋም ወደ እናቴ ዞር ብለው «ይሁን፣ መስማቷም ትልቅ ነገር ነው» ይላሉ።

ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ እንደ ሰበብ ነበር የምቆጥረው። አሁን ነርሲንግ እየተማርኩ ሳለሁ ግን ነገሩ ሰበብ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቋንቋን መረዳትና ቋንቋን መናገር በአንጎላችን ውስጥ የተያያዙ፣ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ቢጎዳ ወይም ቢደክም ሌላው ሊቀር ይችላል። ይህን መጀመሪያ የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ አያቴ አልጋ አጠገብ ነው።

ያቺ ሌሊት

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አያቴን ስትሮክ መታት። እምዬ ነው የምንላት። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛዋ ግን ከ«ታንክ ዩ» እና ከ«ኖ ፕሮብሌም» እምብዛም አይዘልም። ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ዓይኗን እንድትጨፍን ጠየቃት። ዝም ብላ አየችው። ሁለት ጣት እንድታሳየው ጠየቃት። አሁንም ዝም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ለእናቴ «የሚነገራትን አትረዳም» አላት።

እናቴ እያለቀሰች ነበር። እኔ ጠጋ ብዬ «እምዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። ጨፈነች። «ሁለት ጣት አሳዪኝ» አልኳት። ቀኝ እጇ አልታዘዝ ስላላት በግራዋ ሁለት ጣት አወጣች። እኔ ማን እንደሆንኩ ስጠይቃት ግን ከአፏ የወጣው «እሺ» ብቻ ነበር። ያማታል? «እሺ።» ውሃ ትፈልጋለች? «እሺ።» ራሷን እየነቀነቀች «አይሆንም» ለማለት ስትፈልግ እንኳ የሚወጣላት «እሺ» ነበር።

የዚያን ሌሊት አስተርጓሚ ሆኜ ያደርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አንጎሏ ውስጥ ደም ረግቶ ቧንቧውን እንደዘጋው ሲነግረኝ በእንግሊዝኛ በደንብ ገባኝ። ወደ እናቴ ዞሬ ግን ቃሉ ጠፋኝ። «ደሟ ቆሟል» አልኩ። እናቴ የሞተች መስሏት ጮኸች።

የሚያናድደኝ ነገር፣ «የረጋ ደም» የሚለውን ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ ወዲያው እረዳው ነበር። እርጎ እየጠጣሁ ነው ያደግኩት፤ ወተት ሲረጋ እርጎ እንደሚሆን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረ። በምፈልገው ሰዓት ግን አልወጣ አለኝ።

የእምዬና የእኔ ችግር መንስኤው ፈጽሞ አይገናኝም፤ የእሷ የአንጎል ጉዳት ነው፣ የእኔ የልምምድ ማነስ። ቢሆንም ሁለታችንም በዚያች ሌሊት የምንረዳውን ያህል መናገር ያቃተን ሰዎች ነበርን።

«ታን» የሚል ሰው

የእምዬን «እሺ» ሰምቼ ከዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ ሲነገር ቆሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ሌቦርን ይባላል። ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል 21 ዓመት ኖሯል። ምንም ቢጠየቅ የሚመልሰው «ታን» እያለ ስለነበር ስሙም በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ሲመረምረው ግን የሚነገረውን አብዛኛውን እንደሚረዳ አስተዋለ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ ሲጠየቅ እጁን አራት ጊዜ ዘርግቶ አንድ ጣት ጨመረ። ሃያ አንድ ማለት ነው።

ሌቦርን ከቀናት በኋላ ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረና ጉዳቱን ከግንባር ጀርባ በስተግራ በኩል አገኘው። ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ ካርል ቬርኒከ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም የተገላቢጦሹን ጻፈ። የእሱ ሕመምተኞች ቃል ሳይቸገሩ ይናገራሉ፤ ንግግራቸው ግን ቃላቱ የተቀያየሩበትና ትርጉም የራቀው ነው፤ ሌላው ሰው የሚላቸውንም በደንብ አይረዱም። ጉዳታቸው የሚገኘው ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ባለው አካባቢ ነው።

ዛሬ ነገሩ በሁለት ቦታ ብቻ እንደማይወሰን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሌቦርን አንጎል (እስካሁን ፓሪስ ውስጥ ተቀምጧል) በኤምአርአይ ሲታይ ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው በላይ ወደ ውስጥ የጠለቀ ሆኖ ተገኝቷል። ቋንቋ የብዙ ክፍሎችና የሚያገናኟቸው መስመሮች ሥራ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ደግሞ በግራው የአንጎል ክፍል ያመዝናል። የሁለቱ ሐኪሞች ዋና ትምህርት ግን ጸንቶ ቆይቷል፦ የማይናገር ሰው ሁሉ የማይረዳ ሰው አይደለም።

እንዲህ ያለው በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የቋንቋ ችግር አፌዥያ ይባላል። የሚነካው ቋንቋን ነው፤ አስተዋይነትን፣ ፍቅርን ወይም ትዝታን ወስዷል ማለት አይደለም።

ሳንማር የተማርነው

መረዳቱ ከመናገሩ የሚቀድመው ገና ከልጅነት ጀምሮ ነው። ሕፃን አፉን ሳይፈታ ብዙ ነገር ለይቶ ያውቃል። አማርኛ «ከበረ» እና «ቀበረ»ን የሚለየው በአንድ ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ ጓደኞቼ ቆሎ በሉ ስላቸው «ኮሎ» ይሉኛል፤ ልዩነቱን ደጋግሜ ባሰማቸውም ብዙዎቹ አይሰማቸውም። ካናዳ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉ ሕፃናት ሰምተውት የማያውቁትን የሌላ ቋንቋ ድምፅ ይለያሉ። ወደ አንድ ዓመት ሲጠጉ ግን ይህ ችሎታ እየቀነሰ፣ ጆሯቸው በቤታቸው ቋንቋ ላይ እየተሳለ ይሄዳል። እናንተ ቀ እና ከን የለያችሁት ፊደል ስትቆጥሩ አይደለም፤ እናታችሁ እቅፍ ውስጥ ነው።

ፊደሉ የማያሳየንን እንኳ ጆሯችን ያውቃል። «ልጁ አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ «ተናገረ» ለማለት ይሁን «እዚህ ይገኛል» ለማለት አይታወቅም። ስናገረው ግን «ለ» ሲላላና ሲጠብቅ ወዲያው ትለዩታላችሁ። ማን አስተማራችሁ? ማንም።

ሕፃናት የሰሙትን ብቻ አይደግሙም፤ ሕግ ያወጣሉ። ትንሹ ወንድሜ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው «ነይ» በማለት ፋንታ «ምጪ!» እያለ ይጠራኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ «ምጪ» የሚል ሰው የለም፤ ከማንም ሊሰማው አይችልም። ግን አስቡት፦ «ወጣች» ብሎ «ውጪ» ካለ፣ «መጣች» ብሎ «ምጪ» ማለቱ ሙሉ በሙሉ ምክንያታዊ ነው። ሕጉን ራሱ አውጥቶ ሠራበት፤ አማርኛ ነው ሕጉን ያፈረሰው! ሁላችንም ስቀንበት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ስህተት አንጎሉ በደንብ እየሠራ እንደነበር የሚያሳይ ነው።

ቃሉ አለ፣ በሩ ግን ተዘጋ

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንጎል ሲናገር ለምን ይደናቀፋል? ፈተናን አስቡ። ምርጫ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ትክክለኛውን መልስ ስታዩት ታውቁታላችሁ። ያው ጥያቄ ባዶ ቦታ ሙሉ ተብሎ ሲመጣ ግን ላብ ያጠምቃል። መረዳት ወደ ምርጫው ይጠጋል፤ ቃሉ ከውጭ ይመጣል፣ ዐረፍተ ነገሩና የተናጋሪው ፊትም ያግዙናል። መናገር ባዶውን ቦታ መሙላት ነው። ሐሳቡን ይዘን፣ ቃሉን መርጠን፣ እንደ ሰዋስዉ አስተካክለን፣ ድምፁን አዘጋጅተን፣ ከንፈርና ምላስን እናዛለን፤ ይህን ሁሉ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ቃል ፍጥነት። በአማርኛ ደግሞ አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለውን አፍ ከመክፈታችን በፊት መወሰን አለብን። ብዙዎቻችን ከትልልቅ ሰው ፊት ዝም የምንለው ንቀት ሳይሆን ይህችን ፈርተን ነው።

ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። አንዱን ሲናገር ሌላው አይተኛም፤ ሁለቱም ቃላት እኩል ይነሳሉና አንጎል አንዱን መግፋት ይኖርበታል። ቀኑን ሙሉ የምንጠቀምበት ቋንቋ ቃሉን ፈጥኖ ያቀብላል። «አፌ ላይ መጥቶ ጠፋብኝ» የምንለው የአማርኛው መንገድ ስላልተረገጠ ሳር አብቅሎበት ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሳር የበቀለበት መንገድ ሲረገጥ ተመልሶ ይከፈታል።

በየትኛው ቋንቋ ተጠየቀች?

ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አፌዥያ ሲይዘው የትኛው ይመለስለታል? ፈረንሳዊው ሐኪም ፒትር እ.ኤ.አ. በ1895 ሰውየው ከሕመሙ በፊት አዘውትሮ የተጠቀመበት ቋንቋ እንደሚቀድም ጻፈ። ከእሱ በፊት ሪቦ የተባለ ሊቅ መጀመሪያ የተማርነው እንደሚጸና ተናግሮ ነበር። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቋንቋዎች አብረው ይመለሳሉ፤ አንዳንዴ ግን አንዱ ቀድሞ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ሕመምተኛው በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ መመርመር አለበት። በአንዱ ብቻ ጠይቆ «አትረዳም» ማለት መዝገብ ላይ ስህተት መጻፍ ነው፤ ያ ስህተት ደግሞ በቀጣዩ ሕክምናዋ ላይ ይከተላታል።

አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ልጆች እንዲያስተረጉሙ መደገፍም አይፈቀድም። ያን ሌሊት ይህን አላወቅንም። እናንተ እወቁት፤ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት ውለታ መጠየቅ አይደለም። ልጃችሁ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ቢናገርም፣ አማርኛ «ቢሰማም»፣ በዚያች ሰዓት «የረጋ ደም» ላይመጣለት ይችላል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ የሰው ንግግር በድንገት ከተምታታ፣ ፊቱ ወደ አንድ በኩል ከተጣመመ ወይም አንድ ክንዱ ከዛለ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አትበሉ። ወዲያው 911 ደውሉ፤ ደህና ሆኖ የታየበትን የመጨረሻ ሰዓትም ያዙ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሰጠት አለበት።

አፌዥያ ያለበትን ሰው ስታናግሩ፦

- ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አጭር ዐረፍተ ነገር ተጠቀሙ።
- ጆሮው ደህና ነውና አትጩኹ፤ እንደ ሕፃንም አታናግሩት።
- «ቡና ወይስ ሻይ?» ብላችሁ ሁለቱንም አሳዩት። ጣቱም ዓይኑም ይናገራል።
- ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። ጊዜ ስጡት።
- ከሁሉም በላይ፣ እሱ እየሰማ ስለ እሱ እንደሌለ ሰው አታውሩ።

የመጨረሻው የእኛ ቤት ጥፋት ነበር። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ እምዬ አልጋ አጠገብ «ከዚህ በኋላ ምን ተስፋ አላት» ሲባል ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች። ዓይኗን አይቼዋለሁ።

ለእኛ እዚህ ላደግነውም ምክሩ ያው ነው። «ይሰማል፣ ግን አይናገርም» የተባለ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሲሳሳት አትሳቁበት፤ ቃል ሲጠፋው ወደ እንግሊዝኛ ከመዝለላችሁ በፊት ትንሽ ጠብቁት። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ እኔም ስንት ጊዜ እናቴ ጋር እንደደወልኩ እሷ ታውቃለች።

እምዬ አሁን ትሻላለች። ስሜን ለመጥራት ይከብዳታል። የሚገርመው ግን በልምድ የሚወጡ ንግግሮች፣ ቁጥር፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ አፌዥያ ካለበት ሰው አፍ ሳይቸገሩ ሊወጡ ይችላሉ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ እኔ «አቦል» ስላት እሷ «ቶና፣ በረካ» ብላ ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ አጠገቧ እቀመጥና የሳምንቱን ወሬ በተሰባበረ አማርኛዬ እነግራታለሁ። ስሳሳት በግራ እጇ ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። አስተካክዬ እደግመዋለሁ። «እሺ» ትለኛለች፤ ይኼኛው እንኳ እውነተኛ እሺ ነው።