ብልሃት ስንት ያወጣል? በሚና ጨዋታ ፍልሚያ ውስጥ የሕግና የፈጠራ ሚዛን

በገበጣም ሆነ በቼዝ ሕጉ ያልፈቀደው እንቅስቃሴ የለም። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ፈረሱን በቀጥታ መስመር ሊያስኬደው አይችልም፤ ብልህነቱ የሚለካው ከተፈቀዱት መካከል በሚመርጠው ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ ግን የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ ገጸ ባሕርይው ሊያደርግ ያሰበውንም በቃል ይናገራል። አጫዋቹ ደግሞ ዓለሙንና ጠላቶቹን ወክሎ የሚከተለውን ያስታውቃል፤ አጠራጣሪ የሆነውንም ዳይስ ይወስነዋል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች «በጣሪያው መብራት ተንጠልጥዬ ጭራቁን ደረቱ ላይ እረግጠዋለሁ» ቢል፣ ድርጊቱ በመጽሐፉ አልተጻፈምና አይቻልም ብሎ መመለስ የጨዋታውን ባሕርይ መካድ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን፣ በሕግ ያልተዘረዘረና ከአካባቢው ሁኔታና ከተጫዋቹ ምናብ የሚመነጭ ድርጊት በዚህ ጽሑፍ «ብልሃት» ብለን እንጠራዋለን። ስለ ብልሃት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ በነጻነትና በሥርዓት መካከል የሚደረግ ክርክር ተደርጎ ይቀርባል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚያ ይለያል። ታዋቂዎቹ የሕግ መጻሕፍት ብልሃትን በቃል ይፈቅዳሉ፤ የሚለያዩት በሚያስከፍሉት ዋጋ ነው። ተራ ምት ዘወትር ይበልጥ የሚያዋጣ ከሆነ ተጫዋቹ ከጥቂት ፍልሚያዎች በኋላ «እመታለሁ» ከማለት በቀር የሚናገረው አይኖረውም፤ ማንም ሳይከለክለው ፈጠራውን ይተዋል።

ችግሩ ከሚና ጨዋታ በዕድሜ ይበልጣል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ የእያንዳንዱን ግጭት ውጤት በሰንጠረዥና በዳይስ የሚወስን ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በ1876፣ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ ሰንጠረዡ ጨዋታውን የሚያጓትት ሸክም መሆኑን በማመልከት ውሳኔው ልምድ ላለው ዳኛ እንዲተው ሐሳብ አቀረበ። በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ በ1969 ያካሄደው «ብራውንስታይን» የተባለ ጨዋታ ተጫዋቾች ያሻቸውን እንዲሞክሩና ዳኛው እዚያው እንዲበይን ፈቀደ። የእርሱ ተጫዋች የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን አዳበረው፤ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር በመሆንም በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ለኅትመት አበቃ። በዚያ የመጀመሪያ እትም ማንኛውም መሣሪያ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ ተራ ባለ 6 ገጽ ዳይስ የሚወሰን ነበር። ጠልፎ መጣል፣ ዓይን ላይ አሸዋ መበተን፣ ጠረጴዛ መገልበጥ፣ ይህ ሁሉ ለአጫዋቹ ፍርድ የተተወ ነበር።

ለፍርድ የተተወ ነገር ሁሉ አንድ ድክመት አለው፤ ፍርዱ ከአጫዋች አጫዋች፣ አንዳንዴም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ኋላ የመጡት እትሞች መድኃኒቱን በዝርዝር ሕግ ውስጥ ፈለጉት። በ2000 የወጣውን ሦስተኛ እትምና የ2003 ማሻሻያውን ብንመለከት፣ የጠላትን መሣሪያ ማስጣል ራሱን የቻለ ሕግ አለው። ልዩ ሥልጠና የሌለው ተዋጊ ይህን ሲሞክር ተቃዋሚው ቀድሞ አንድ ነጻ ምት ያገኛል፤ በ2003 ማሻሻያ መሠረት ነጻው ምት ጉዳት ካደረሰ ሙከራው እዚያው ይከሽፋል። ይህን ቢያልፍም ሁለቱ ዳይስ ጥለው ይወዳደራሉ፤ ሞካሪው ከተሸነፈ ደግሞ ተቃዋሚው በተራው የእርሱን መሣሪያ ለማስጣል ሊሞክር ይችላል። ሥልጠናውን የያዘ ሰው ግን ከነጻው ምት ይድናል። ሕጉ ለሠለጠነው የሰጠው መብት ላልሠለጠነው ክልከላ ሆነ ማለት ነው። ድሮ ማንም ሊሞክረው የሚችለው ነገር አሁን የጥቂቶች ሙያ ሆኗል፤ የቀሩት ሕጉን ያነቡና ዝም ይላሉ።

ሆኖም ዝርዝር ሕግን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ቸር አጫዋችም ሳያውቀው ያንኑ ያደርጋል። የመምታት ዕድሉ 60 በመቶ የሆነ ተዋጊ እናስብ። በመብራቱ ተንጠልጥሎ መርገጥ ሲፈልግ አጫዋቹ ፈቀደለት እንበል፤ ነገር ግን መብራቱን ለመያዝ አንድ ዳይስ፣ ለመርገጥ ሌላ ዳይስ ጠየቀው። ሁለቱም 60 በመቶ ቢሆኑ የመሳካት ዕድሉ 36 በመቶ ይሆናል። በእግሩ ቆሞ ለማረፍ ሦስተኛ ዳይስ ከተጨመረ ዕድሉ ወደ 21.6 በመቶ ይወርዳል። እያንዳንዱ ዳይስ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ሲባዙ ግን ቅጣት ይሆናሉ። ጉዳቱ ከተራው ምት ጋር እኩል ከሆነ ይህ ተጫዋች ስለ ድፍረቱ ከሚጠብቀው ውጤት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከፍሏል።

በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ነገሩን ለማቅለል «ብልጫ» የምንለውን ስልት በሰፊው ተጠቀመ፤ አመቺ ሁኔታ የፈጠረ ተጫዋች ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል። ስልቱ ለአጫዋቹ እጅግ ምቹ ነው፤ ቁጥር ሳይደምር በአንድ ቃል ይበይናል። ዋጋው ግን መመርመር አለበት። የመምታት ዕድሉ 50 በመቶ ለሆነ ተጫዋች ብልጫ ዕድሉን ወደ 75 በመቶ ያሳድጋል። ያን ብልጫ ለማግኘት ሙሉ አንድ ተራ ከጠፋስ? በሁለት ተራ ሁለት ጊዜ ቢመታ በአማካይ 1 ምት ያገኛል፤ በመጀመሪያው ተራ ብልሃት ሠርቶ በሁለተኛው ቢመታ 0.75 ብቻ። ኪሳራው ዘወትር የመምታት ዕድሉ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው። ዕድሉ 20 በመቶ ሲሆን ኪሳራው 0.04 ነው፤ 90 በመቶ ሲሆን ግን 0.81 ይደርሳል። ጠላቱ ለመመታት በከበደ ቁጥር ኪሳራው ያንሳል እንጂ ከቶ ወደ ትርፍ አይለወጥም፤ ያውም ብልሃቱ ያለ ዳይስ ይሳካል ብለን ነው። ከዚህ የሚያመልጠው ምቱ ራሱ የማይደገም ሲሆን ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ አስማት የያዘ ሰው ያ አንድ ምት እንዳይስት ተራውን ቢሠዋ አይፈረድበትም።

ሒሳቡ የሚለወጠው ብልሃቱ ለሌሎች ሲጠቅም ነው። ጠላቱ ተጠልፎ ቢወድቅና ቀጥለው በቅርብ የሚመቱት ሁሉ ብልጫ ቢያገኙ፣ 50 በመቶ ዕድል ያለው እያንዳንዱ ባልደረባ 0.25 ምት ይጨምራል። ጠላፊው ያጣው 0.5 ስለሆነ ሁለት ተከታዮች ሲኖሩ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ከሦስተኛው በኋላ ትርፍ ነው። ጠለፋው ራሱ የሚሳካው በግማሽ ዕድል ከሆነ ግን አራት ተከታይ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ተጫዋቾች በሙሉ ማለት ነው። የጉልበት ልዩነትም ይቆጠራል። ሲመታ በአማካይ 4 የሚጎዳ ደካማ ገጸ ባሕርይ፣ 12 ለሚጎዳ ብርቱ ጓደኛው ብልጫ ቢያስገኝ 2 ከፍሎ 3 ያተርፋል። ብልሃት በአብዛኛው የሚያዋጣው ለደካማውና ለተባበረው ነው፤ ልብ ወለዱ የሚያሞግሰው ብቸኛ ጀግና ግን በዚህ ሒሳብ ይከስራል።

ተቃራኒው ስሕተት የታወቀ ነው። አሸዋ መበተን ተራ ሳያስጠፋ ጠላትን የሚያሳውር ቢሆን፣ በአምስተኛው እትም ሕግ የታወረው ጠላት ሲመታ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል፤ 50 በመቶ የነበረው ዕድሉ 25 በመቶ ይሆናል፤ በእርሱ ላይ የሚሰነዘረውም ምት ሁሉ ብልጫ አለው። በሚቀጥለው ፍልሚያ እያንዳንዱ ተጫዋች የአሸዋ ከረጢት ታጥቆ ይመጣል። ያን ጊዜ አሸዋው ብልሃት መሆኑ ይቀርና አዲሱ «እመታለሁ» ይሆናል። ርካሽ ብልሃትም እንደ ውዱ ሁሉ ፈጠራን ይገድላል።

ይህን ሁለት ወገን ችግር በግልጽ ለመፍታት ከተሞከሩት መካከል በ2008 የወጣው የአራተኛው እትም የአጫዋች መጽሐፍ ገጽ 42 ይጠቀሳል። ገጹ ሕጉ ላልሸፈናቸው ድርጊቶች በገጸ ባሕርይው ደረጃ ልክ የተሰላ ሰንጠረዥ ያቀርባል፦ የክብደት ቁጥር፣ የጉዳት መጠን፣ እንዲሁም ተደጋግሞ ለሚሠራ ድርጊትና አንዴ ብቻ ለሚሠራ ድርጊት የተለያየ ልክ። የአሸዋው ከረጢት መልስ እዚህ አለ፤ የማይደገም ነገር የበለጠ ቢያወጣ ሚዛን አያፈርስም። የገጹ ማብራሪያ ምሳሌ ራሱ በመብራት ተወዛውዞ ጭራቅን ወደ ፍም ማንደጃ የመገፍተር ታሪክ ነው፤ ግን እዚያም መብራቱን ለመያዝ አንድ፣ ለመገፍተር ሌላ ዳይስ ተጠይቋል። የክብደት ቁጥሮቹም በዚያው ዓመት በወጣ እርማት ዝቅ ተደረጉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የመጀመሪያው ዋጋ ግን ተወዶ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

በ2001 የታተመው «ኤግዞልትድ» ሌላ መንገድ መረጠ። ድርጊቱን ሕያው አድርጎ የተረከ ተጫዋች 1 ተጨማሪ ዳይስ፣ አካባቢውን የተጠቀመ 2፣ ጠረጴዛውን በሙሉ ያስደነቀ 3 ያገኛል። በዚያ ጨዋታ አንድ ባለ 10 ገጽ ዳይስ በአማካይ ግማሽ ስኬት ስለሚያስገኝ፣ ሁለቱ ዳይስ አንድ ስኬት ያህል ያወጣሉ። ብልሃት እዚህ ቅጣት የለውም፤ ንጹሕ ትርፍ ነው። ይሁን እንጂ ትርፉን የሚያድለው የአጫዋቹ አድናቆት ነው፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ከዓይናፋሩ፣ በጨዋታው ቋንቋ አፉን የፈታው ኋላ ከተማረው የበለጠ ዳይስ ይዞ ይነሣል። ይህ አድልዎ ከቁጥር አድልዎ ይልቅ ለመታረም ይከብዳል፤ ማንም ሰው «ትረካህ አላስደነቀኝም» ከተባለ በኋላ ይግባኝ የሚልበት ሰንጠረዥ የለምና።

በእኔ ግምት እስካሁን ከታዩት ሁሉ ንጹሕ የሆነው መልስ በ2012 የወጣው «ደንጀን ክሮል ክላሲክስ» ለተዋጊው የሰጠው ነው። ተዋጊው ሲመታ ከባለ 20 ገጹ ጋር አንድ ትንሽ የብልሃት ዳይስ ይጥላል፤ ቁጥሩ በምቱም በጉዳቱም ላይ ይደመራል። ዳይሱን ከመጣሉ በፊት የሚሞክረውን ብልሃት ይናገራል። ምቱ ካገኘና ትንሹ ዳይስ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ ብልሃቱ ይሳካል። በመጀመሪያው ደረጃ ዳይሱ 3 ገጽ ስላለው ዕድሉ ሲሦ ነው፤ በሁለተኛው ባለ 4 ገጽ ሲሆን ግማሽ፣ በአራተኛው ባለ 6 ገጽ ሲሆን ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ብልሃቱ ቢከሽፍም ምቱ አይጠፋም። የሚባዛ ቅጣት የለም፤ የትረካ ውድድርም የለም፤ ዝም ያለ ተዋጊ ያለ ምክንያት አንድ ዕድል ያባክናል። በሌሎቹ ጨዋታዎች ዝምታ አስተማማኙ ምርጫ ነበር፤ እዚህ ኪሳራው ወደ ዝም ባዩ ዞሯል።

ጉድለቱ ሕጉ ለተዋጊውና ለድንኩ ብቻ መሆኑ ነው። ሌባው ወይም አስማተኛው በዚያው መብራት ሊንጠለጠል ሲነሣ አጫዋቹ ስንት ዳይስ እንደሚጠይቀው አሁንም ራሱ መወሰን አለበት። አንድ ዳይስ ብቻ ጠይቆ፣ ሲከሽፍ ተራው ምት በተቀነሰ ጉዳት እንዲቆይ ቢፈቅድ፣ ከላይ ያየነው ስሌት ብዙም አይዛባም። ይህ በእርግጥ ተጫዋቾችን የሚያናግር መሆኑ በሒሳብ ብቻ አይረጋገጥም። አንድን ቡድን በሁለት የተለያዩ የዋጋ ሥርዓቶች አጫውቶ፣ በየፍልሚያው ስንት ጊዜ «እመታለሁ» ብቻ እንደተባለና ስንት ጊዜ ሌላ ነገር እንደተሞከረ በድምፅ ቅጂ መቁጠር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ሥራ ነው።